ሰማንያ የተነፈጋቸው፦ በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ዘር ተሻግሮ ማግባት ለምን ወንጀል ሆነ?

በ1919 ኦሪገን በተባለችው የአሜሪካ ግዛት፣ ፓስፊክ ውቅያኖስን በምታዋስነው በቲላሙክ አውራጃ፣ ፍሬድ ፓኬት የተባለ ነጭ ሰው ኑዛዜ ሳይተው ሞተ። ልጅ አልነበረውም። የተወው ንብረት 22 ኤከር መሬት (ዘጠኝ ሄክታር ገደማ)፣ አንድ ሠረገላ፣ ሁለት ፈረሶችና አንዳንድ የሥራ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ሁሉም ተደምረው ምናልባት 2,500 ዶላር ቢያወጡ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል አብራው የኖረችው ኦፊሊያ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የቲላሙክ ተወላጅ ነበረች። ትዳር ሲመሠርቱ ፍሬድ ለዘመዶቿ 50 ዶላር ሰጥቷል፤ ይህም በሕዝቧ ወግ ጋብቻን የሚያጸና፣ እኛ ጥሎሽ ከምንለው ብዙ የማይርቅ ሥርዓት ነበር። የአውራጃው ዳኛም በመጀመሪያ የውርስ አጣሪ አድርጎ የሾመው እርሷን ነበር።

ከዚያ የሟች ወንድም መጣ። ክርክሩ አጭር ነበር፦ የኦሪገን ሕግ ነጭ ሰው ከግማሽ በላይ የነባር ሕዝብ ደም ካለው ሰው ጋር እንዳይጋባ ስለሚከለክል፣ ኦፊሊያ አንድም ቀን የፍሬድ ሚስት ሆና አታውቅም፤ ሚስት ካልሆነች ደግሞ ወራሽ ልትሆን አትችልም። በ1921 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለወንድምየው ፈረደ። ሠላሳ ዓመት አብረው መኖራቸውን የካደ አልነበረም። የተካደው ያ ኑሮ ጋብቻ መባሉ ነው።

በአሜሪካ የተለያየ ዘር ባላቸው ሰዎች መካከል ጋብቻ ተከልክሎ እንደነበር ብዙ አንባቢ ያውቃል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የደቡብ ግዛቶችና የባርነት፣ የጥቁርና የነጭ ጉዳይ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ አለ። በእርግጥም ክልከላው የተጀመረው ከ1660ዎቹ አንሥቶ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነው። ይሁን እንጂ የተከለከሉ ሕዝቦች ዝርዝር እየረዘመ የሄደው፣ በፊልም ፈረሰኛና ሽጉጥ ብቻ ሲታይበት በኖረው በምዕራቡ ጠረፍ ነበር። በዚህ ማብራሪያ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጠረፍ» የሚባለው የት ነው?

በአሜሪካ ታሪክ ጠረፍ ማለት በካርታ ላይ ተሰምሮ የሚቀር የአገር ወሰን ሳይሆን፣ ከምሥራቅ የሚመጡ ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ በገፉ ቁጥር አብሯቸው የሚገፋ የሰፈራ ዳርቻ ነው። በ1803 ከፈረንሳይ የተገዛው ሰፊ ምድር፣ በ1846 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ስምምነት የተገኘው የኦሪገን አገርና በ1848 ከሜክሲኮ በጦርነት የተወሰደው ደቡብ ምዕራብ፣ ሁሉም በየተራቸው ጠረፍ ነበሩ። የ1890ው የሕዝብ ቆጠራ ወጥ የሆነ የጠረፍ መስመር ከእንግዲህ እንደሌለ ቢያስታውቅም፣ ገና ያልለሙና ሠራተኛ የሚጠሩ ሥፍራዎች ከዚያም በኋላ ነበሩ። ወደ በኋላ የምንመለስበት የካሊፎርኒያው ኢምፔሪያል ሸለቆ ለምሳሌ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ውኃ ተጠልፎለት መታረስ የጀመረው በ1901 ነው።

ይህ ምድር ባዶ አልነበረም። ነባር ሕዝቦች (በእኛ ዘንድ «ቀይ ሕንዶች» ሲባሉ የኖሩት) እና ሜክሲኮዎች ቀድሞውኑ የነበሩበት ሲሆን፣ ወርቁ፣ ባቡር ሐዲዱና እርሻው ደግሞ ቻይናውያንን፣ የሃዋይ ሰዎችን፣ ጃፓናውያንን፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችን፣ የሕንድ ፑንጃቦችንና ፊሊፒናውያንን አመጣ። ከሩቅ የመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። በ1880 በአገሪቱ ከተቆጠሩት ከ105,000 በላይ ቻይናውያን መካከል ሴቶቹ 5,000 አይሞሉም ነበር፤ ይህም የሆነው በአጋጣሚ ሳይሆን፣ በ1875 የወጣው የፔጅ ሕግ ቻይናውያን ሴቶችን በሴተኛ አዳሪነት እየጠረጠረ ከወደብ ይመልሳቸው ስለነበረ ጭምር ነው።

ሕጉ ሳይመጣ በፊት እንዴት ይጋቡ ነበር?

በእኛ አገር የቁርባን፣ የሰማንያና የደሞዝ ጋብቻ ጎን ለጎን እንደኖሩ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክፍል ለመረዳት አይቸገርም። በሰሜን ምዕራቡ ምድር ለረጅም ጊዜ ዋናው ንግድ የአውሬ ቆዳ ንግድ ነበር። ከስኮትላንድና ከፈረንሳይ ካናዳ የሚመጡት ነጋዴዎች ከነባር ሕዝቦች ሴቶች ጋር ይጋቡ የነበረው ያለ ቄስና ያለ መዝገብ፣ ለቤተሰቡ ስጦታ ሰጥተው በሽማግሌ ፈቃድ ነበር፤ እነርሱም «የአገሩ ወግ ጋብቻ» ይሉታል። ጋብቻው ለነጋዴው ዝምድናን፣ አስተርጓሚን፣ የበረዶ ጫማና የቆዳ ልብስ ባለሙያን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አማቾቹ ከሌላ ነጋዴ ይልቅ ለእርሱ ቆዳ እንዲሸጡለት የሚያደርግ ቃል ኪዳንን ያስገኝለት ነበር። ለሴቲቱ ቤተሰብም የሸቀጡን መንገድ ያቀርብላቸዋል። ውል ሲያልቅ ሚስትና ልጆች ጥለው የተመለሱ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩም ነበሩ። ፎርት ቫንኩቨር በተባለው የንግድ ምሽግ የታላቁ የቆዳ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ጆን ማክላውሊን ከክልሷ ሚስቱ ከማርገሪት ጋር ብዙ ዓመት በወጉ ከኖረ በኋላ፣ በ1842 በካቶሊክ ሥርዓት ጋብቻውን አስባርኳል።

ከእነዚህ ቤተሰቦች የአንዱ ዕጣ ጠረፉ እንዴት እንደተለወጠ ያሳያል። ዊልያም ቤንት በአርካንሳስ ወንዝ ዳር፣ በዛሬዋ ኮሎራዶ፣ ትልቅ የንግድ ምሽግ የነበረው ነጋዴ ሲሆን፣ ሚስቱ «ጉጉት ሴት» የምትባል የሻያን ሕዝብ ተወላጅ፣ የሕዝቡን ቅዱሳት ቀስቶች የሚጠብቅ አባት ልጅ ነበረች። ኅዳር 29 ቀን 1864 የአሜሪካ ጦር አዛዥ ኮሎኔል ቺቪንግተን በሳንድ ክሪክ የሰፈሩትን ሻያኖችና አራፓሆዎች ሲያስጨፈጭፍ፣ ከ150 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን፣ በአንድ ቀን አለቁ። የቤንት ልጆች ጆርጅና ቻርለስ ከእናታቸው ሕዝብ ጋር በሰፈሩ ውስጥ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸውን ሮበርትን ደግሞ ወታደሮቹ አስገድደው መንገድ መሪ አድርገውት ነበር። ጆርጅ በጥይት ቢቆስልም ተረፈ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የንግድ ቃል ኪዳን የነበረው ጋብቻ፣ ወንድማማችን በጥይት ግራና ቀኝ የሚያቆም ነገር ሆነ።

ታዲያ ክልከላው ለምን አስፈለገ?

መልሱ በአብዛኛው መሬት ላይ ነው። የቆዳው ንግድ የሚፈልገው አማች ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ገበሬ ግን የሚፈልገው የይዞታ ደብተር ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1850 ባወጣው የኦሪገን የመሬት ስጦታ ሕግ፣ ያላገባ ነጭ ሰፋሪ 320 ኤከር ሲያገኝ፣ ያገባ ግን ከሚስቱ ጋር 640 ኤከር ያገኝ ነበር፤ ግማሹም በሚስትየዋ ስም ይጻፍ ነበር። ሚስት ማን ናት የሚለው ጥያቄ መሬቱ የማን ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በሰሜን ምዕራብ የምትገኘው የዋሽንግተን ግዛት (ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን አይደለችም) የጠረፍ አስተዳደር ነጭን ከጥቁርና ከነባር ሕዝቦች ጋር የሚያጋባውን ጋብቻ በ1855 ውድቅ አደረገ፤ በ1868 ግን ሕጉን ሰረዘው። ኦሪገን በ1866 ነጭ ከጥቁር፣ ከቻይናዊ፣ ከሃዋይ ሰውና ከግማሽ በላይ የነባር ሕዝብ ደም ካለው ጋር እንዳይጋባ ከለከለች። ኔቫዳ በ1861፣ አይዳሆ በ1864፣ አሪዞና በ1865 የየራሳቸውን ዝርዝር አወጡ።

አንድ ነጥብ በደንብ ሊታይ ይገባል። የእነዚህ ሕጎች ዋና ውጤት ጋብቻውን «ፈራሽ» ማድረግ ነበር። ፍቺ ሌላ ነው፤ ፍቺ ጋብቻው እንደነበረ አምኖ ያበቃዋል፤ ንብረትም ይካፈላል፣ ቀለብም ይቆረጣል። ፈራሽ የተባለ ጋብቻ ግን ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሴቲቱ ሚስት የመባልና የመውረስ መብቷን፣ ልጆቹም በብዙ ቦታ ሕጋዊ ልጅነታቸውን ያጣሉ። አንድ ነጭ ሰው ከነባር ሕዝብ ሴት ጋር ቢኖር፣ ልጅም ቢወልድ፣ ሸሪፉ አንዳንዴ ቢቆጣ ነው፤ ርስቱ ግን በውርስ ከነጮች እጅ እንዳይወጣ ሕጉ ይጠብቀዋል። ፍሬድ ፓኬት ራሱ በ1889 ከኦፊሊያ ጋር «ሲዘሙት» ተገኘ ተብሎ ተከስሶ ነበር። ያን ጊዜ የተከሰሰው ስላላገባት ነው። ሲሞት ደግሞ ጋብቻው ቢኖርም አይሠራም ተባለ።

ሕጉ የሚከለክለው ማንን ከማን ነበር?

አንድ በሩ ብቻ የተቆለፈ ግቢ አስቡ። ጥቁር ከቻይናዊ፣ ጃፓናዊ ከነባር ሕዝብ፣ ፊሊፒናዊ ከጥቁር ቢጋባ በአብዛኞቹ ግዛቶች የሕግ አውጪው ጉዳይ አልነበረም። የተቆለፈው በር ወደ ነጮች ቤት የሚያስገባው ብቻ ነው። ክልከላው ስለ «ዘር መቀላቀል» ነው የሚለው ማመካኛ ብዙ የማያስኬደውም ለዚህ ነው፤ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ቢቀላቀሉ ማንም አልተጨነቀም።

የየግዛቱ ዝርዝር ደግሞ ለብቻው የሚያስገርም ነው። ኮሎራዶ ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ ብትከለክልም፣ ከሜክሲኮ በተወሰደው የግዛቲቱ ክፍል የሚኖሩ ሰዎች ግን በአገራቸው ልማድ እንዲጋቡ ፈቀደች፤ ስለዚህ የአንድ ጋብቻ ሕጋዊነት ከአርካንሳስ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ይለያይ ነበር። ኦክላሆማ በ1907 ሕገ መንግሥቷ ከአፍሪካ ዘር ያልሆነውን ሁሉ «ነጭ» ብላ በየነች፤ በዚህም የነባር ሕዝብ ተወላጅ በሕግ ነጭ ስለሆነ፣ ከጥቁር ጋር መጋባት አይችልም ነበር። በኦሪገን ያው ሰው ነጭ ማግባት አይችልም። ወዮሚንግ በ1869 ከልክላ፣ በ1882 ሰርዛ፣ በ1913 እንደገና ከለከለች።

ዘርን የሚወስነው ማን ነበር?

በመጀመሪያ ደረጃ የሚወስነው የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው የአውራጃ ጸሐፊ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጦ ፊታቸውን ያያል፣ ስማቸውን ይሰማል፣ ይጽፋል ወይም ይመልሳቸዋል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ዳኛው ያንኑ ያደርጋል።

በአሪዞና ጆ ከርቢ የተባለ ሰው ከሰባት ዓመት ያህል ትዳር በኋላ ሚስቱን ሜይለንን ለመፍታት ሳይሆን፣ «እርሷ ጥቁር፣ እኔ ነጭ ስለሆንን ጋብቻችን ፈራሽ ይባልልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። የጆ እናት የሜክሲኮ ተወላጅ ስትሆን ምስክርነቷን የሰጠችው በአስተርጓሚ ነበር። የሜይለን ጠበቃ ከሳሹ ራሱ ነጭ አይደለም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ሜክሲኮዎች በሕግ ፊት ከነጭ ይቆጠራሉ ብሎ የጆን ነጭነት ተቀበለ፤ የሜይለንን ጥቁርነት ለመወሰን ደግሞ በችሎቱ ፊት የነበራት መልክ ብዙ ክርክር አላስፈለገውም። በ1922 የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋብቻው ፈራሽ መሆኑን አጸና። ባልየው ፍቺ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ የሚከፍለው ነገር ነበር፤ በዘር በኩል ሲመጣ ምንም ሳይከፍል ወጣ።

የአሪዞና ሕግ ሌላም ጉድ ነበረበት። የነጭ ደም ያለበት ሰውና ዘሩ ከጥቁር፣ ከእስያዊና ከነባር ሕዝብ ጋር እንዳይጋባ ይላል። ክልስ የሆነ ሰው የነጭ ደም ስላለበት ከነባር ሕዝብ ጋር መጋባት አይችልም፤ የነባር ሕዝብ ደም ስላለበትም ነጭ ማግባት አይችልም፤ ቃል በቃል ከተነበበ እንደ እርሱ ካለ ክልስም ጋር አይችልም። በ1942 ይህ ነገር በአንድ የነፍስ ግድያ ክስ፣ ሚስት በባሏ ላይ ትመስክር ወይስ አትመስክር በሚል ጥያቄ ተነሥቶ ፍርድ ቤቱ ሕጉ በእርግጥም እንዲህ እንደሚል ካረጋገጠ በኋላ፣ ሕግ አውጪው በዚያው ዓመት ነባር ሕዝቦችን ከዝርዝሩ አወጣ።

በካሊፎርኒያ የነበረው ሩጫ ደግሞ የአይጥና የድመት ይመስላል። ሕጉ ነጭ «ሞንጎላዊ» (የምሥራቅ እስያ ሰው ለማለት ነው) እንዳያገባ ሲከለክል፣ ሳልቫዶር ሮልዳን የተባለ ፊሊፒናዊ «እኔ ሞንጎላዊ ሳልሆን ማላይ ነኝ» ብሎ ተከራከረና በ1933 ረታ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት ያን ዓመት እንኳ ሳያሳልፍ «ማላይ» የሚለውን ቃል በዝርዝሩ ላይ ጨመረ።

የተከለከሉ ጥንዶች ምን ያደርጉ ነበር?

የመጀመሪያው መንገድ ጉዞ ነው። ጉንጂሮ አኦኪ የተባለ ጃፓናዊና የሳን ፍራንሲስኮ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ ካህን ልጅ የሆነችው ሄለን ኤመሪ በ1909 በካሊፎርኒያ ስለተከለከሉ ወደ ሰሜን ሄዱ። ኦሪገንም አልተቀበለቻቸውም። ሕጉን ቀድማ በሰረዘችው በዋሽንግተን፣ በሲያትል ከተማ፣ መጋቢት 27 ቀን 1909 ተጋቡ። ሄለን ግን ዋጋ ከፈለች፦ በ1907 የወጣ ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባችን አሜሪካዊት የባሏን ዜግነት እንድትይዝ ስለሚያደርግ፣ ተወልዳ ባደገችበት አገር መጻተኛ ሆነች። አገር ተሻግሮ ማግባት የሚያስከፍለው ይህ ዋጋ ለወንዱ አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ ከዓይን መራቅ ነው። በአይዳሆ ተራሮች መካከል ባለችው ዋረን የምትባል የወርቅ መንደር፣ ፖሊ ብለው የሚጠሯት ቻይናዊት ከ1872 ጀምሮ ትኖር ነበር፤ ከሰሜን ቻይና ተሽጣ የመጣች ናት። የመጠጥ ቤት ባለቤት የነበረው ቻርሊ ቤሚስ በ1890 በቁማር ጠብ ፊቱን በጥይት ሲመታ አስታምማ ያዳነችው እርሷ ስትሆን፣ በነሐሴ 1894 በሰላም ዳኛ ፊት ተጋቡ። ቻርሊ በቁማር በልቶ ወሰዳት የሚለው ብዙ የተወራ ታሪክ ማስረጃ አልተገኘለትም። ጋብቻው የፍቅር ብቻ እንዳልነበረም የሚያምኑ አሉ፤ በ1892 የወጣ ሕግ ቻይናውያን የመኖሪያ ወረቀት ካልያዙ እንዲባረሩ ያዝዝ ነበርና። ወረቀቷን በ1896 አገኘች። በሳልመን ወንዝ ዳር ባለች እርሻ አብረው ኖሩ፤ እርሱ በ1922፣ እርሷ በ1933 አረፉ። እኔ በበኩሌ ፍቅር ነው ወይስ ወረቀት የሚለውን ክርክር ብዙ አልወደውም፤ መባረር ከፊቱ የተደቀነበት ሰው ሁለቱን ለይቶ የሚይዝበት ጊዜ የለውም።

ሦስተኛው መንገድ የተዘጋውን በር ትቶ በሌላው መግባት ነው። የኢምፔሪያል ሸለቆው ታሪክ ይህ ነው።

ፑንጃቦችና ሜክሲኮዎች እንዴት ተገናኙ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከሕንድ ፑንጃብ ጥቂት ሺህ ወንዶች ወደ አሜሪካ ምዕራብ መጡ። የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ በእንግሊዝ ጦር ያገለገሉም ነበሩባቸው። አብዛኞቹ ሲኮች (ሲክ የሚባለው የፑንጃብ ሃይማኖት ተከታዮች)፣ ጥቂቶቹ ሙስሊሞች ሆነው ሳለ አሜሪካውያን ሁሉንም «ሂንዱ» ይሏቸው ነበር። በመስከረም 1907 በዋሽንግተን ግዛት በቤሊንግሃም ከተማ ነጭ ሠራተኞች ተሰባስበው በእንጨት መሰንጠቂያዎች የሚሠሩትን ሕንዳውያን በሌሊት ከየመኝታቸው እያወጡ አባረሯቸው። በ1917 የወጣ ሕግ ደግሞ ከእስያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል ስለዘጋ፣ ሚስትን ከአገር ማስመጣት የማይቻል ሆነ።

ወደ ደቡብ የወረዱት በኢምፔሪያል ሸለቆ ጥጥ ማምረት ያዙ። ከ1910 የጀመረው የሜክሲኮ አብዮት በዚያው ጊዜ ብዙ ቤተሰቦችን ወደ ሰሜን እያሻገረ ነበር፤ እናቶችና ልጃገረዶች በጥጥ ለቀማ ተሰማሩ። የእርሻው ተከራይ ፑንጃቢ፣ ለቃሚዎቹ ሜክሲኮዎች ሆኑ። ከ1916 ገደማ ጀምሮ ጋብቻው ተጀመረ። አንዷ ስታገባ እህቷን፣ የአክስቷን ልጅ ታመጣለች፤ ሁለት ባልንጀሮች ሁለት እህትማማቾችን ያገባሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ጥንዶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ከ300 በላይ ሆነው ነበር።

ሕጉ እንዴት አለፋቸው? ከጸሐፊው መስኮት ፊት የቆሙት ሁለት ሰዎች ለጸሐፊው ዓይን አንድ ዓይነት ቀለም ነበራቸው። በብዙ ፈቃዶች ላይ በሙሽራውም በሙሽሪትም ዘር አንጻር የተጻፈው «ቡናማ» የሚል ቃል ነው። የኢምፔሪያል ጸሐፊ ሜክሲኮን እንደ ጆ ከርቢ ዳኛ ነጭ ቢላት ኖሮ ጋብቻው በተከለከለ ነበር። እምቢ የሚል ጸሐፊ ሲገጥማቸው ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዱ ነበር።

ፈቃዱ ተገኘ ማለት ሰላም ሆነ ማለት አይደለም። «ሴቶቻችንን ወሰዱብን» ያሉ ሜክሲኮዎች በዱላ የመጡባቸው ጊዜ ነበር። መሬትም ሌላ ችግር ነበር። በ1913 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ዜጋ መሆን የማይችል መጻተኛ የእርሻ መሬት እንዳይገዛ ይከለክላል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1923 በታየው በባጋት ሲንግ ቲንድ ጉዳይ ሕንዳውያን «ነጭ ሰዎች» ስላልሆኑ ዜጋ መሆን አይችሉም ሲል ይህ በእነርሱ ላይ ተፈጻሚ ሆነ። በሚስት ስም እንግዛ እንዳይሉ፣ በ1922 የወጣው የኬብል ሕግ ዜጋ መሆን የማይችል ሰው ያገባችን አሜሪካዊት ዜግነቷን ይገፍፋታል፤ ያ አንቀጽ የተሰረዘው በ1931 ነው። የቀሩት ልጆቹ ነበሩ። በአሜሪካ ምድር በመወለዳቸው ዜጎች ስለሆኑ፣ ገና ያልተራመደ ሕፃን በስሙ መሬት ይገዛለት ጀመር።

ቤት ውስጥ የሚነገረው ስፓንኛ ነበር። እናት ልጆቹን ካቶሊክ አድርጋ ታሳድጋለች፤ ጥምቀቱ ግን ለአባቶችም ጠቀማቸው። ሜክሲኮዎች የክርስትና አባትና የልጁን ወላጆች የሚያስተሳስር፣ ከእኛ አበልጅነት ጋር እጅግ የሚመሳሰል ዝምድና አላቸው። ሲኩ የሲኩን ልጅ ክርስትና ያነሣል፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ላይ የስፓንኛ ስም ይሰጠዋል፤ እናቶቹም አበልጅ ይሆናሉ። በአገር ቤት ዘመድ የሌለው ሰው እንዲህ አድርጎ ዘመድ አበጀ። ማሪያ ሲንግ፣ ሆሴ ካን የሚሉ ስሞች የተለመዱ ሆኑ። የፑንጃብ ቂጣ ሮቲና የሜክሲኮ ቂጣ ቶርቲያ ከአንድ ምጣድ ይወጡ ነበር፤ ብዙ አባቶች የበሬ ሥጋ ወደ ቤታቸው እንዳይገባ አጥብቀው ይከለክላሉ። ባል ሲሞት በሲክ ሥርዓት አስከሬኑ ይቃጠላል፤ ሚስት ስትሞት በካቶሊክ መቃብር፣ ሜክሲኮዎች በሚቀበሩበት ጥግ ታርፋለች። በሁሉም ቤት ፍቅር ነበር ማለት አይደለም፤ በፑንጃብ ሚስት የነበረው ባል ጥቂት አልነበረም፣ ሴቶቹም ፍርድ ቤት ሄዶ መፋታትን ቶሎ ተምረውት ነበር። ፍቺ መጠየቃቸው ራሱ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ኦፊሊያ ፓኬትና ሜይለን ከርቢ ይህ እንኳ አልነበራቸውም።

ክልከላው እንዴት ወደቀ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሎስ አንጀለስ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሲሠሩ የተዋወቁት አንድሪያ ፔሬዝና ሲልቬስተር ዴቪስ በ1947 የጋብቻ ፈቃድ ጠየቁ። እርሷ የሜክሲኮ ተወላጅ ስትሆን በቅጹ ላይ «ነጭ»፣ እርሱ «ኔግሮ» ብለው ሞሉ። ጸሐፊው ከለከላቸው። ሁለቱም ካቶሊኮች ስለነበሩ ጠበቃቸው ዳን ማርሻል፣ ቤተ ክርስቲያን የምትፈቅደውን ምሥጢር መንግሥት መከልከሉ የሃይማኖት ነጻነትን መጣስ ነው ሲል ተከራከረ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቅምት 1 ቀን 1948 በአራት ለሦስት ድምፅ ሕጉን ሻረ። ዳኛው ሮጀር ትሬይነር ያተኮሩት ግን በእኩልነት ላይ ነበር፦ የማግባት መብት የግለሰብ እንጂ የዘር ቡድን አይደለም፤ ደግሞም ክልስ የሆነውን ሰው ሕጉ በየትኛው ወገን እንደሚቆጥረው እንኳ በግልጽ አይናገርም።

ሌሎቹ የምዕራብ ግዛቶች አንድ በአንድ ተከተሉ፦ ኦሪገን በ1951፣ ሞንታና በ1953፣ ኔቫዳና አይዳሆ በ1959፣ አሪዞና በ1962፣ ዩታ በ1963፣ ወዮሚንግ በ1965። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 12 ቀን 1967 ሎቪንግ በተባሉ ባልና ሚስት ጉዳይ ለመላው አሜሪካ ሲወስን ሕጉ የቀረው በ16 ግዛቶች ነበር፤ ከእነርሱም ወደ ምዕራብ የሚያደሉት ቴክሳስና ኦክላሆማ ብቻ ነበሩ።

የኢምፔሪያል ሸለቆ ልጆችስ?

በ1946 የወጣ ሕግ ሕንዳውያን ዜጋ እንዲሆኑ ስለፈቀደ፣ አባቶች በስተርጅና መሬትን በስማቸው መያዝ ቻሉ። በ1965 የስደተኞች ሕግ ሲሻሻል ደግሞ ከፑንጃብ ብዙ ሰው ከነቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ፣ በተለይም ዩባ ሲቲ ወደምትባለው የእርሻ ከተማ ጎረፈ። አዲሶቹ ሴቶች የፑንጃብ ልብስ ለባሽ፣ ወንዶቹ ጥምጣም ጠምጣሚ ነበሩ። በዚያች ከተማ ሲንግ የሚል ስም ይዘው ያገኟቸው ሰዎች ደግሞ እሑድ ቅዳሴ የሚሄዱ፣ ከአያታቸው ጋር በስፓንኛ የሚያወሩ፣ ፑንጃቢ ቋንቋ የማያውቁ ሆነው ሳለ፣ ማን ናችሁ ሲባሉ «እኛ ሂንዱ ነን» ይሉ ነበር። የአሜሪካ ጎረቤት አባቶቻቸውን በተሳሳተ ስም ሲጠራ ሰምተው ያደጉበትን ቃል ነው የራሳቸው ያደረጉት። አዲስ መጤው ሲክም ግራ ተጋብቶ ያያቸው ነበር፦ ሂንዱም ሲክም ሕንዳዊም አይመስሉትም።